ለመስከረም የፈረስ ጉዞ ምን ዓይነት ጫማ? (ወሎ ተራራ ለምትወጡ)

አቡነ ዮሴፍ ተራራን ወይም ቦረና ሳይንት ፓርክን በፈረስ ልትወጣ ካሰብክ ጫማ ከመግዛትህ በፊት እርካቡን አስለካ። አዎ፣ እርካቡን፣ ከኮርቻው ተንጠልጥሎ እግር የሚገባበትን። ሰው ሁሉ ተራራውን ብቻ አስቦ ገበያ ላይ ያገኘውን ትልቅ ከስክስ ገዝቶ ይመጣል። ሶሉ ወፍራም፣ ጥርሱ ጥልቅ፣ አፍንጫው ሰፊ። ለእግር ጉዞ ምንም አይወጣለትም። ኮርቻ ላይ ሲወጣ ግን ወይ እግሩ እርካብ ውስጥ አልገባ ይላል፣ ወይ ተገፍቶ ይገባና አልወጣ ይላል። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ፈረሱ ደንብሮ ብትወድቅና እግርህ እዚያው ቢቀረቀር ድንጋይ ለድንጋይ እየጎተተህ ነው የሚሄደው።

የአገራችን የድሮ እርካብ ደግሞ ለጫማ ተብሎ የተሠራ አይደለም። ጋላቢው በባዶ እግሩ አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚያስገባበት። አሁን የእግር ፊት የሚያስገባ ሰፋ ያለ እርካብ አለ፣ ግን ስፋቱ ከኮርቻ ኮርቻ ይለያያል። ስለዚህ ባለፈረሱ ጋ ቀድመህ ደውልና ስፋቱን እንድትገምት እርካቡ ላይ እስክሪብቶ አጋድሞ ፎቶ እንዲልክልህ ለምነው። ትንሽ ይስቅብህ ይሆናል፣ ይሳቅ። ጫማህ ሲገባ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ጣት የሚያህል ክፍተት ከተረፈ ጥሩ ነው። ከዚያ ከጠበበ ይይዝሃል፤ በጣም ከሰፋ ደግሞ እግርህ ሾልኮ እስከ ቁርጭምጭሚትህ ይገባል።

እንዳይሾልክ የሚከለክለው ተረከዝ ነው። 2 ወይም 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ከሶሉ ተለይቶ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ተረከዝ ፈልግ። ስኒከር ይኼ ስለሌለው ፈረስ ላይ አይሆንም። የጎማ ቦቲም አልመክርህም፤ ውሃ አያስገባም እውነት ነው፣ ግን ይቀዘቅዛል፣ ቁርጭምጭሚትም አይደግፍም። ብዙ ሰው የማያየው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ከላይ በኩል ክሩ የሚጠመጠምበት የብረት መንጠቆ ያላቸው ጫማዎች አሉ። መንጠቆው የእርካቡን ጠፍር ወይም ብረቱን ሊይዝ ይችላል። ክሩ እስከ ላይ በቀዳዳ የሚገባውን ምረጥ፣ የተረፈውን ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ወትፈው።

«እንግዲያው ለስላሳ የግልቢያ ቡትስ ልግዛ» እንዳትል። የወሎ ተራራ ቁልቁለት ላይ ከፈረስ መውረድህ አይቀርም፤ ባለፈረሱ ራሱ «ውረድ» ይልሃል፣ ለፈረሱም ለአንተም ሲል። ከዚያ በኋላ እርጥብ ድንጋይና ዋልካ ጭቃ ነው። ሶሉ ልሙጥ ከሆነ ቂጥህ ላይ ነው የምትጨርሰው። መካከለኛ ጥርስ ይኑረው፣ ጥርሱ ግን እርካቡን የሚነክስ ጥልቅ አይሁን። ቁመቱ ቁርጭምጭሚትን አልፎ ትንሽ ይውጣ። መሐሉን ስታጥፈው ትንሽ እምቢ የሚል፣ ጣቶቹ ጋ ግን የሚታጠፍ ይሁን።

መስከረም ላይ ዝናቡ ገና ጠቅልሎ አልወጣም። ጠዋት ጓሳ ሣሩ ውስጥ ስትሄድ ጤዛው ብቻ እንኳ በዝናብ የተመታህ ያስመስልሃል። ብርዱም ቀላል አይደለም። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አቡነ ዮሴፍ ደግሞ ከ4,200 በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል ብለህ ራስህ አስላው። ኮርቻ ላይ ደግሞ እግር ስለማይንቀሳቀስ ቶሎ ይደነዝዛል። መፍትሔው ግን ካልሲ መደራረብ አይደለም። ጫማው ከጠበበ ደም አይዘዋወርም፣ ብርዱም ይብሳል። አንድ ደህና የሱፍ ካልሲና የሚላወስ ጣት ይበቃል።

ቆዳ ወይስ ጎሬቴክስ (ውስጡ ውሃ የማያስገባ ስስ ሽፋን ያለው)? እኔ ለዚህ ጉዞ ወፍራም ቆዳ እመርጣለሁ። ጎሬቴክስ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው በአፉ ከገባ ቶሎ አይደርቅም፣ ጅረት ስትሻገር ደግሞ በአፉ መግባቱ አይቀርም። ቆዳውን በሰም በደንብ እሸው፣ በተለይ ስፌቱን።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሳልባጅ ውስጥ በርካሽ ጥሩ ጫማ ይገኛል። ግን ተጠንቀቅ፦ ብዙ ዓመት ተቀምጦ የኖረ ጫማ ከላይ አዲስ ይመስልና መካከለኛው ሶል ውስጡ በስብሶ ሊሆን ይችላል። በአውራ ጣትህ ጎኑን ጫን በለው። ስንጥቅ ካየህ ወይም እንደ ደረቅ ዳቦ ከተፈረፈረ ተወው፣ ማስቲሽም አያድነውም። የተላቀቀ ብቻ ከሆነ ጫማ ሰፊ ጋ ዙሪያውን አሰፋው።

ስትለካ ከሰዓት በኋላ ለካ፣ እግር ያኔ ያብጣል። የምትሄድበትን ካልሲ አድርግ። ደረጃ ካገኘህ ውረድበት፤ ጣትህ ፊቱን ከመታ ቁልቁለት ላይ ጥፍርህን ትነቅላለህ። ከዚያ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከተማ ውስጥ አድርገው። አዲስ ጫማ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው ሲያነክስ ለማየት እስከ ማታ መጠበቅ አያስፈልግም።

እግረ መንገዴን፣ «አደን» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ አቡነ ዮሴፍም ቦረና ሳይንትም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚጠበቅባቸው ቦታዎች ናቸው። እዚያ በካሜራ ነው የሚታደነው። ጠብመንጃው ቤት ይቅር።

ማታ ጫማው ሲረጥብ እሳት ዳር አታስጠጋው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ማስቲሹም ይለቃል። የውስጥ ሶሉን አውጣና ጋዜጣ ጠቅጥቅበት፣ ከመተኛትህ በፊት ጋዜጣውን ቀይር። ትርፍ ክርና ሁለት ፌስታልም ያዝ። ካልሲህ ደርቆ ጫማው ካልደረቀ ፌስታሉን ከካልሲው በላይ አጥልቀህ ትወጣለህ።