የዳታቤዝ ሰርቨር መከታተያ፦ ማስጠንቀቂያው ለምን አይደርሳችሁም?

ዳታቤዙ መውደቁን የምትሰሙት ደንበኛ ሲደውል ከሆነ መከታተያችሁ ሥራውን አልሠራም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው አመራረጡና አተካከሉ ላይ ነው። ጥቂት ሰርቨር የያዘ ትንሽ ቡድን በብዛት የሚገጥሙት እነዚህ ናቸው።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ማስጠንቀቂያ ግን አልመጣም

መከታተያው የተጫነው እዚያው ዳታቤዙ ያለበት ማሽን ላይ ነው። መብራት ሲሄድ አብረው ይጠፋሉ።

መፍትሄ፦ አፕታይም ኩማ የሚባለውን መከታተያ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ርካሽ የክላውድ ሰርቨር ላይ ጫኑት። የቢሮው ሰርቨር ከራውተር ጀርባ ሆኖ ከውጭ የማይደረስበት ከሆነ «ፑሽ» የሚለውን ዓይነት ምረጡ። ሰርቨራችሁ በየደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ ዝም ካለ ቴሌግራም ላይ መልእክት ይመጣላችኋል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ዝም ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ከዚያው ቢሮ ሌላ ማሽንም ፑሽ ይላክ። ሁለቱም ዝም ካሉ መስመሩን ወይም መብራቱን፣ ሰርቨሩ ብቻ ዝም ካለ ራሱን ሰርቨሩን ጠርጥሩ።

ምልክት፦ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ አፕሊኬሽኑ ግን አይሠራም

የምትፈትሹት ፖርት 5432 (ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ የሚገናኝበት በር) መከፈቱን ብቻ ነው። ፖስትግሬስ ኮኔክሽን ሞልቶበትም ፖርቱ ክፍት ይሆናል። ካልቀየራችሁት የኮኔክሽን ገደቡ 100 ነው፤ ከዚያ ላይ 3ቱ ለሱፐርዩዘር (ሙሉ ሥልጣን ላለው ተጠቃሚ) የተያዙ ናቸው። ማይኤስኪውኤል ላይ ደግሞ 151 ነው።

መፍትሄ፦ ፍተሻው የምር ሎግኢን አድርጎ «ሰሌክት 1» የሚል ትንሽ ጥያቄ ይጠይቅ። ለዚህ ብላችሁ የሱፐርዩዘር ፓስወርድ አትስጡ። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ «ፒጂ ሞኒተር» የሚባል ሮል (የፈቃድ ዓይነት) አለ፤ ቁጥሮቹን ለማንበብ ይበቃል። ኮኔክሽኑ 80 ሲደርስ እንዲነግራችሁ አድርጉ። ሲነግራችሁ የተከፈቱትን ኮኔክሽኖች የሚዘረዝረውን «ፒጂ ስታት አክቲቪቲ»ን እዩ። «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል ከተደረደረ አፕሊኬሽኑ ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቅ ሥራ) እየከፈተ ሳይዘጋ እየተወው ነው። ገደቡን 500 ማድረግ ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክርም። ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ስለሚከፍት ራም ይበላል። ኮዱ መስተካከል አለበት። እስከዚያው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት» ላይ የጊዜ ገደብ ሙሉ፤ ተከፍተው የቀሩትን ራሱ ይዘጋላችኋል።

ምልክት፦ ዳታው ትንሽ ነው፣ ዲስኩ ግን ሞላ

ፖስትግሬስ ከሆነ መጀመሪያ የዋል ፋይሎች (የለውጥ መዝገቦች) የሚቀመጡበትን «ፒጂ ዋል» ፎልደር እዩ። አንድ ወቅት የነበረ ሪፕሊካ (የዳታቤዙን ቅጂ የሚይዝ ሌላ ሰርቨር) ተወግዶ ስሎቱ (ሪፕሊካው የት እንደደረሰ የሚይዘው ምዝገባ) ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ፖስትግሬስ ሪፕሊካው ይመለሳል ብሎ የዋል ፋይሎችን ማጠራቀሙን ይቀጥላል።

እባካችሁ ፋይሎቹን በእጃችሁ እንዳትሰርዙ! ዳታቤዙ ጭራሽ ላይነሣ ይችላል። «ፒጂ ሪፕሊኬሽን ስሎትስ» ውስጥ «አክቲቭ» የሚለው ፎልስ የሆነውን ፈልጉ። ሪፕሊካው የማይመለስ ከሆነ ስሎቱን አጥፉት። ከፖስትግሬስ 13 ጀምሮ በ«ማክስ ስሎት ዋል ኪፕ ሳይዝ» ጣሪያ ማበጀት ይቻላል። ዲስኩን ለመጠበቅ ሞኒት የሚባለው ትንሽ መከታተያ ይበቃል፤ ከ80 በመቶ ሲያልፍ እንዲናገር ማድረግ የሁለት መስመር ኮንፊግ ነው።

ምልክት፦ መከታተያው ከገባ ወዲህ ሰርቨሩ ራሱ ተንቀራፈፈ

ዛቢክስ ጥሩ የመከታተያ መሣሪያ ነው፤ ግን የራሱን ዳታቤዝ ይፈልጋል። ባለ 2 ጊጋ ራም ማሽን ላይ ከምትጠብቁት ዳታቤዝ ጋር አንድ ላይ አታስቀምጡት። ለሁለት ሦስት ሰርቨር ሞኒትና አፕታይም ኩማ ይበቃሉ። የወራት ግራፍ ካስፈለጋችሁ ቁጥሮችን እየሰበሰበ የሚያከማቸውን ፕሮሚቴየስን ሌላ ማሽን ላይ ጫኑ፤ ዳታቤዙ ጋ ቁጥሮቹን የሚያቀርብለት ኤክስፖርተር ብቻ ይቀመጥ። ፕሮሚቴየስ ካልቀየራችሁት ዳታ የሚያቆየው 15 ቀን ስለሆነ ያንንም ከፍ አድርጉት።

ምልክት፦ መልእክቱ በዝቶ ሁሉም ግሩፑን ሚዩት አድርጎታል

ሌሊት ባካፕ ሲሠራ ሲፒዩ 90 በመቶ ቢደርስ ማንም መቀስቀስ የለበትም። ችግሩ 5 ደቂቃ ከቆየ ብቻ ይላክ። የሲፒዩን ነገር ለብቻው ሌላ ግሩፕ ላኩት። ከዚያ ሥራ በሌለበት ሰዓት ዳታቤዙን ሆን ብላችሁ አቁሙና መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ እዩ። ከዘገየ በፍተሻዎች መካከል ያለውን ጊዜና «ሪትራይ» የሚለውን (ከማስጠንቀቁ በፊት ስንቴ እንደሚሞክር የሚወስነውን) ቁጥር ቀንሱና እንደገና ሞክሩ።