የመምህራንን ምርምር በአንድ ቋት ማሰባሰብ፦ ለትንሽ ዩኒቨርሲቲ የሚሆን አሠራር

በትንሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱ መምህር የአፈር አሲዳማነት ያጠናል፣ ሌላዋ የመድኃኒት ዕፅዋት ትሰበስባለች፣ ጎረቤት ቢሮ ያለው ደግሞ በሂሳብ ጆርናል ላይ ያሳትማል። ሥራው አለ፤ ሲፈለግ ግን አይገኝም። በ2012 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት (ምርምር ለሁሉም በነፃ እንዲነበብ የሚል) ፖሊሲ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምር ውጤታቸውን በቋት፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚፈለግ የጋራ ማከማቻ፣ እንዲያስቀምጡ ይጠይቃል። ብዙዎች ታዲያ ቶሎ ሰርቨር ወደ መግዛት ይሄዳሉ። መቅደም ያለበት ግን መዝገቡ ነው፤ ስምና ቀን የተዛባበት መዝገብ በየትኛውም ሰርቨር ላይ ቢጫን አይፈለግም።

ለመምህራን ቅጽ በትኖ መልስ መጠበቅ ብዙም አያዋጣም፤ የሚሞላው ጥቂት ነው። የተሻለው ምንጭ ለማዕረግ እድገት የገባው ማስረጃ ነው። መምህሩ ያሳተመውን ሁሉ አሟልቶ የሚያቀርበው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ የኮሌጁ ዲን ቢሮ ያለው ፋይል ከማንኛውም መጠይቅ ይበልጣል። መምህሩን አስፈቅዳችሁ የሕትመት ዝርዝሩን ብቻ ውሰዱ፤ የግል ማኅደሩን አትንኩ። ቀጥሎ የምርምር ዳይሬክቶሬቱ ጋ ያሉትን የመጨረሻ ሪፖርቶችና የዓመታዊ ጉባኤ ጥራዞችን ጨምሩ። ሁሉንም በአንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ፣ ለአንድ ሥራ አንድ መስመር ሰጥታችሁ ጻፉ፦ ርዕስ፣ ደራሲያን በአማርኛና በላቲን ፊደል፣ የኦርኪድ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ተመራማሪ የሚሰጥ መለያ)፣ የታተመበት ቀን፣ ጆርናል፣ ዲ.ኦ.አይ. (ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሰጥ ቋሚ የኢንተርኔት መለያ)፣ ትምህርት ክፍል፣ ቋንቋ፣ የፋይሉ ዓይነት፣ የመጫንና የመጠቀም ፈቃድ።

በጣም የሚበላሸው የስም ዓምድ ነው። ጆርናሎች የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚይዙ አበበ ከበደ «ከበደ፣ አ.» ሆኖ ይገባል፤ አባቱ ከበደ የሆነና የራሱ ስም በ«አ» የሚጀምር ሌላ ተመራማሪ ሁሉ ከእሱ ጋር ይቀላቀላል። ወርቅነህን በላቲን ሲጽፍ አንዱ መሀል ላይ «አይ» (i) ፊደል ይጨምራል፣ ሌላው ይተዋል፤ ፍለጋው ሁለት ሰው ያደርጋቸዋል። ገ/ማርያም ብሎ በእዝባር ማሳጠር ደግሞ ሶፍትዌሩን ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ገብረማርያም ተብሎ ይጻፍ። «ዶ/ር» እና «ፕ/ር» በስም ዓምድ ውስጥ አይግቡ። መፍትሔው ኦርኪድ ነው፤ ነፃ ነው፣ 16 አሃዝ አለው፣ የመጨረሻው ቦታ ላይ «ኤክስ» ፊደል ሊመጣ ስለሚችል ዓምዱን በጽሑፍ ዓይነት አዘጋጁት። ኤክሴል እንደ ቁጥር ከያዘው ከ15ኛው አሃዝ በኋላ ያለውን ወደ ዜሮ ይለውጠዋል፣ ስህተቱም ዘግይቶ ነው የሚታወቀው።

ቀኑም እንደዚያው ነው። ወደ እ.ኤ.አ. ለመቀየር ዓመተ ምሕረቱ ላይ በጅምላ 8 መደመር ያሳስታል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ልዩነቱ 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ኅዳር 2012 ማለት እ.ኤ.አ. 2019 ሲሆን የካቲት 2012 ግን 2020 ነው። ሁለት ዓምድ አድርጉ፦ አንዱ ጥራዙ ላይ እንደታተመው፣ ሌላው ለሶፍትዌሩ በዓመት፣ ወር፣ ቀን ቅደም ተከተል (2020-02)። ወሩ ካልታወቀ የታተመውን ዓመተ ምሕረት ብቻ ተዉት፤ በግምት አትቀይሩት።

የፋይሉን ዓይነት ስትመዘግቡ ሦስቱን ለዩ፦ ለጆርናል ከመላኩ በፊት ያለው ረቂቅ፣ በገምጋሚዎች ታርሞ ተቀባይነት ያገኘው ረቂቅ፣ ጆርናሉ ያቀናበረው የመጨረሻ ቅጂ። በክፍያ የሚነበቡ ጆርናሎች ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን መጫን ይከለክላሉ፤ ሁለተኛውን ግን ብዙዎቹ ከ6 እስከ 24 ወር ካለፈ በኋላ ይፈቅዳሉ። ስለዚህ መምህሩ ተቀባይነት ያገኘውን ረቂቅ የጆርናሉ የተቀባይነት ደብዳቤ በደረሰው ሳምንት እንዲልክ አስለምዱ። ከዓመት በኋላ ሲጠየቅ ፋይሉ ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ጠፍቷል።

ጥሬ መረጃው እንደየሙያው የተለየ ጥያቄ አለው። የአፈር ፒኤች 5.1 ነው ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በውሃ ነው ወይስ በፖታሲየም ክሎራይድ፣ አፈሩና ፈሳሹ 1 ለ 2.5 ነው ወይስ 1 ለ 1? በፖታሲየም ክሎራይድ የተለካው ዝቅ ብሎ ስለሚወጣ የሁለት ጥናት ቁጥር ሊነጻጸር አይችልም። ፎስፎረስም በኦልሰን ወይስ በብሬይ ዘዴ እንደተለካ ይጻፍ። የመስኩ ቦታ በየትኛው ዳተም (የካርታ መነሻ ሥርዓት) እንደተያዘ መጠቀስ አለበት፦ የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን ሲጠቀሙ ጂፒኤስ በተለመደው ቅንብሩ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 ይጠቀማል፣ በመካከላቸውም ሁለት መቶ ሜትር ያህል ልዩነት አለ። በማሳ ደረጃ ይህ የሌላ ገበሬ መሬት ማለት ነው። ለዕፅዋት ጥናት ሳይንሳዊ ስምና በሀርባርየም (በደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) የተቀመጠው ናሙና ቁጥር ያስፈልጋል፣ አንዱ የአማርኛ ስም በተለያየ አካባቢ ለተለያየ ተክል ሊሰጥ ይችላልና። በቃለ መጠይቅ ጥናት ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም። ቀበሌ፣ ዕድሜና ሥራ አንድ ላይ ከወጡ ሰውየው ይታወቃል፤ ቀበሌውን ወደ ወረዳ፣ ዕድሜውን ወደ አሥር ዓመት ክልል አስፉት።

የአማርኛ ፋይሎች ተጨማሪ ፍተሻ ይፈልጋሉ። ከፒዲኤፉ አንድ መስመር ቀድታችሁ ኖትፓድ ላይ ለጥፉ። የላቲን ፊደልና ምልክት ከሆነ፣ የጋራ የፊደል ኮድ ከሆነው ዩኒኮድ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ነው፤ በዓይን ይነበባል፣ በፍለጋ ግን አይገኝም። በ300 ዲፒአይ ስካን አድርጉትና ከምስል ላይ ጽሑፍ በሚያነበው ቴሰራክት በተባለ ነፃ ሶፍትዌር፣ የአማርኛ ቋንቋ ፋይሉን መርጣችሁ፣ አንብቡት፤ ቢያንስ ርዕሱንና አጠቃሎውን ሰው ያርመው፣ ለ እና ሰ እየተቀያየሩበት ይመጣሉና። ቁልፍ ቃላት ዓምድ ውስጥ ደግሞ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገቡ፦ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ሥነ ምግብ» እና «ስነ ምግብ»። ብዙ ሶፍትዌሮች እነዚህን አንድ አድርገው አያዩም።

ቋቱን በሚመለከት ቋሚ የአይቲ ባለሙያ ከሌለ ዲስፔስ የተባለውን የቋት ሶፍትዌር በራስ ሰርቨር መጫን አይመከርም። ዳታቤዙን፣ የፍለጋ ክፍሉንና ማሻሻያውን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል፤ ግቢው መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ተቋም የሆነው ሰርን የሚያስተዳድረው ዜኖዶ የተባለው የኢንተርኔት ቋት ነፃ ነው፣ ለአንድ መዝገብ እስከ 50 ጊጋባይት ይቀበላል፣ ዲ.ኦ.አይ. ወዲያው ይሰጣል። በዩኒቨርሲቲው ስም ማኅበረሰብ (በዜኖዶ «ኮሙኒቲ» የሚባለውን የጋራ ገጽ) ከፍታችሁ የኮሌጆቹን ሥራ እዚያ ሰብስቡ። ጥንቃቄ፦ አንዴ የታተመ ፋይል እንደ ልብ አይሰረዝም፣ ስለዚህ ፈቃዱ ሳይጣራ አትጫኑ። ጽሑፉ ከጆርናል የራሱ ዲ.ኦ.አይ. ካለው ያንኑ አስገቡ፤ አዲስ ካስሰጣችሁ ጥቅሱ ለሁለት ይከፈላል።

በየሴሚስተሩ መጨረሻ አሥር መዝገብ በዕጣ አውጥታችሁ አንዴ በደራሲ ስም፣ አንዴ በአማርኛ ርዕስ ቃል ፈልጉ። ያልወጣውን መዝገብ ስሙን፣ ቀኑንና አጻጻፉን በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሹ።