የሐዋሳ ሐይቅ ባለጀልባዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ሥልጠና፣ የበጎ ፈቃድ ቅኝት እና መድን

የሐዋሳ ሐይቅ ጠዋት ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የዳርቻ መዝናኛ በኩል ለሚያየው ሰው ገራም ነው። ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ውኃ ጸጥ ብሎ ተኝቶ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዙሪያ ሲንጎራደዱ ለተመለከተ፣ በዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለመያዝ ሞተር አስነሥቶ መሪ ከመጨበጥ ያለፈ ነገር የሚያስፈልግ አይመስለውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ሞገዱ የጀልባውን ጎን መምታት ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ለራሴና ለቤተሰቤ መዝናኛ የምትሆን አንዲት ትንሽ ሞተር ጀልባ ከገዛሁ ወዲህ በራሴም በሌሎችም ላይ የደረሱ ችግሮችን መለስ ብዬ ስመረምር፣ የአብዛኞቹ መነሻ የማሰሪያው ገመድ ከመፈታቱ በፊት፣ ገና ምድር ላይ እያለን፣ ሳይነገር ወይም ሳይጻፍ የቀረ አንድ ነገር ሆኖ አገኘዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች የምጽፈውም ይህንኑ በማሰብ ነው።

ዋና መቻልን እንደ ሥልጠና መቁጠር

በሐይቁ ዳር ያደገ ሰው «እኔ እዚሁ ውኃ ውስጥ ነው ያደግኩት» ብሎ ሥልጠናን ማቃለሉ የተለመደ ነው። ዋና የዋናተኛውን ነፍስ ሊያድን ይችላል፤ ጀልባ የሚነዳ ሰው ግን የያዘው የተሳፋሪዎቹን ሁሉ ነፍስ ነው። የመዝናኛ ጀልባ አደጋዎችን በየዓመቱ የሚመዘግበው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለደረሱት አደጋዎች ባወጣው መረጃ፣ የነጂው ሥልጠና ሁኔታ ከታወቀባቸው ሞቶች መካከል 75 በመቶው የደረሱት ነጂው የደኅንነት ሥልጠና ባልወሰደባቸው ጀልባዎች ላይ ነው።

ታዲያ ሥልጠናው ምን ማስተማር አለበት? በመጀመሪያ የመተላለፍ ደንብን ነው። በዓለም አቀፉ የ1972 የግጭት መከላከያ ደንብ መሠረት ሁለት ሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኛቸው ይታጠፋሉ፤ መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ጀልባ መንገድ ይለቅቃል፤ ቀድሞ የሚያልፈውም ከሚቀደመው ይርቃል። ደንቡ የተጻፈው ለባሕር ቢሆንም፣ በአንድ ሐይቅ ላይ የሚነዱ ሰዎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መታጠፍን ካልተስማሙበት እያንዳንዱ በራሱ ግምት ሄዶ መጋጨቱ አይቀርም። ሁለተኛው የሞተር ማጥፊያው ገመድ ነው። አንዱ ጫፍ ከሞተሩ ማጥፊያ፣ ሌላው ከነጂው እጅ ወይም ቀበቶ ጋር ይታሰራል፤ ነጂው ተስፈንጥሮ ቢወድቅ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። አሜሪካ ርዝመታቸው ከ26 ጫማ በታች የሆኑ የሞተር ጀልባዎች ነጂዎች ይህን ማጥፊያ እንዲጠቀሙ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በሕግ አስገድዳለች። በእኛ ሐይቅ ብዙ ጊዜ የማየው ግን ገመዱ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ ለዘለዓለም እዚያው ሲቀር ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም በላይ በተግባር መለማመድ የሚፈልገው፣ ውኃ ውስጥ የወደቀን ሰው መልሶ ማውጣት ነው። አንድ ቀን ወገብ ድረስ በሚደርስ ውኃ ላይ ልምምድ ስናደርግ፣ ከመካከላችን በዋና የሚታወቀው ወጣት ከነልብሱ ወደ ውኃው ገባና መሬት ሳይረግጥ ወደ ጀልባዋ እንዲወጣ ተነገረው። በክንዱ ጠርዙን ይዞ ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ የረጠበው ሱሪው ይጎትተዋል፣ እግሩም በጀልባዋ ሆድ ሥር ይሸሽበታል። በአራተኛው ሌላው ባልደረባችን ገመድ አጥፎ እንደ ፈረስ እርካብ አድርጎ በጎኗ በኩል አወረደለት፤ እግሩን እርካቡ ውስጥ ከቶ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ የታጠፈ ገመድ ከጀልባዬ አይወርድም። በልምምዱ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ታውቀዋል፦ ወደ ወደቀው ሰው የሚቀርብ ነጂ ሞተሩን አጥፍቶ ነው ሰውየውን መያዝ ያለበት፤ ሰውየው ሲወጣ ደግሞ ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በተቃራኒው ጎን ካልተቀመጡ ጀልባዋ ራሷ ልትገለበጥ ትችላለች።

የሕይወት አድን ጃኬትን ከመቀመጫ ሥር ማስቀመጥ

«ጃኬት አለን» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አንድ የማውቀውን ባለጀልባ እስኪ አሳየኝ ብዬው ከመቀመጫው ሥር ሲያወጣ ጃኬቶቹ አሁንም በላስቲካቸው ውስጥ ነበሩ፤ ስድስቱም በአንድ ሲባጎ ተጠፍረዋል፣ የሁለቱን ማሰሪያ አይጥ በልቶታል። በዚያው በ2023 የአሜሪካ መረጃ፣ ሰምጠው ከሞቱትና ጃኬት ማድረግ አለማድረጋቸው ከታወቀው ሰዎች 87 በመቶው ጃኬት አላደረጉም ነበር። ጀልባ ከተገለበጠ በኋላ ጃኬት ፈልጎ፣ ፈትቶ፣ ለብሶ ማሰር የሚችል ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ሲገዙም በኒውተን (በኃይል መለኪያ) የተጻፈውን የማንሳፈፍ አቅም ማየት ያስፈልጋል። 50 የሚለው በቅርብ ርቀት ለሚሆን፣ ዋና ለሚችልና ራሱን ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው። 150 የሚለው ግን ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አዙሮ ፊቱን ወደ ሰማይ እንዲያደርግ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ለልጅ የአዋቂ ጃኬት ማልበስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ልጁ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ላይ ይወጣና ልጁ ከሥር ሾልኮ ይቀራል። ጃኬቱን በትከሻው በኩል ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት ከልጁ አገጭ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ያ ጃኬት የእሱ ልክ አይደለም። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ቢገዛ ይመረጣል።

ሰውን እንጂ ክብደትን አለመቁጠር

ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 1,680 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር እዚህ የሚሰጠው ወደ 33 የሚጠጋ ነው። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ አገር ለስምንት ሰው ይበቃል የተባለ ሞተር እዚህ ነፋስ ሲነሣበት ያንኑ ጭነት ይዞ ወደ ዳር ለመመለስ ይቸገራል። ነዳጅም አንድ ሦስተኛው ለመሄጃ፣ አንድ ሦስተኛው ለመመለሻ፣ የቀረው ለመጠባበቂያ ሆኖ ቢታሰብ መልካም ነው። ጉማሬ ሲታይ ተሳፋሪው ሁሉ ፎቶ ለማንሣት በአንድ ጎን እንዳይቆም ከመነሻው መንገር፣ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከልም ፈጽሞ አለመግባት ይገባል። ቢራ ጠጥቶ መንዳትን በተመለከተ ለመኪና የምናውቀው ሁሉ ለጀልባም ይሠራል።

ለማንም ሳይናገሩ መነሣት

ይህን ስህተት የሠራሁት ራሴ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእኅቴ ልጅ ጋር የጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት አቅጣጫ ሄድን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሞተሩ መዘውር ከውኃው ሥር የተዘረጋ የዓሣ መረብ ያዘው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ጠፋ። መረቡን ለማላቀቅ ሳጎነብስ ስልኬ ከደረት ኪሴ ወጥቶ በጀልባዋ ወለል ላይ በተጠራቀመው ውኃ ውስጥ ወደቀ፤ የልጁም ስልክ ባትሪው አልቆ ነበር። ቤት ያለችው ባለቤቴ ጓደኛዬ ቤት ያመሸሁ መስሏታል። ፀሐይ ስትጠልቅ መረባቸውን ሊዘረጉ የመጡ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎች በእንጨት ጀልባቸው ቀርበው አገኙን። በዕድሜ የገፉት ሰውዬ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ሞተሩ አልነበረም፤ «ልጄ፣ እዚህ መሆናችሁን ማን ያውቃል?» ነው ያሉኝ። «ማንም አያውቅም፣ አባባ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። የተቆረጠው መረብ የእሳቸው ነበር፤ እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ጀልባዬን የማስርበት ቦታ ሻይ የምትሸጥ አንዲት እኅት ጋ አንድ ደብተር አለ። ከመነሣቴ በፊት ስሜን፣ የተሳፋሪዎችን ቁጥር፣ የምሄድበትን አቅጣጫና የምመለስበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ካልኩት ሰዓት ግማሽ ሰዓት ካለፈ እሷ ደብተሩ ሽፋን ላይ ወዳሉት ሦስት ስልኮች ትደውላለች። የእኔን ስልክም በላስቲክ ጠቅልዬ አንገቴ ላይ ማንጠልጠል ጀምሬያለሁ።

የበጎ ፈቃድ ቅኝትን እንደ ፖሊስ ወይም እንደ ነጻ ጎታች ማየት

በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ከተማው በእንግዳ ሲሞላና ሐይቁ ዳር መቆሚያ ሲጠፋ፣ ባለጀልባዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ተራ ገብተው ቢቃኙ ብዙ ነፍስ ሊተርፍ እንደሚችል አምናለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቡድን ሥልጣኑን ካላወቀ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁሉም ጋር ይጣላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 የተቋቋመው የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የበጎ ፈቃደኞች ረዳት ክፍል ሕግ የማስከበር ሥልጣን የለውም። አባላቱ የባለጀልባዎችን ጀልባ በነጻ ይመረምራሉ፣ ጉድለቱን ለባለቤቱ ይነግራሉ፣ ቅጣት ግን አይጽፉም። ባለጀልባው በፈቃዱ የሚያስመረምረውም ለዚህ ይመስለኛል። በብሪታንያ ደግሞ ከ1824 ጀምሮ ያለው የነፍስ አድን ጀልባዎች ተቋም መርከበኞቹ በአብዛኛው በጎ ፈቃደኞች ሲሆኑ የሚተዳደረውም በዋነኛነት በሕዝብ መዋጮ ነው። መዋጮውን እዚህ ላይ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የቅኝት ጀልባ ነዳጅ የሚጠጣው ከአንድ ሰው ኪስ ከሆነ ያ ሰው የደከመ ዕለት ቅኝቱም ይቆማል፤ የወር መዋጮው አስቀድሞ ተወስኖ መጻፍ አለበት።

በቅኝት ላይ የሚሠራው ከባድ ስህተት ብቻን መውጣት ነው፤ አንዱ ሲነዳ ሌላው ዓይኑን ከወደቀው ሰው ላይ ሳያነሣ በጣቱ እያመለከተ መቆየት ይኖርበታል፤ በሞገድ መካከል የሰው ጭንቅላት ለአፍታ ከዓይን ከጠፋ መልሶ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው። ዘሎ መግባትም የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት። በመጀመሪያ በመቅዘፊያ መድረስ፣ ካልሆነ ገመድ የታሰረበት የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር ይቀድማል፤ የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና። ቃኚዎቹ ራሳቸውም የአደጋ መድን ሊገባላቸው ይገባል።

መድንን እንደ መኪናው መድን መቁጠር

ብዙ ሰው በመኪናው መስታወት ላይ ያለው የሦስተኛ ወገን መድን ምልክት ጀልባውን መኪናው ሲጎትተው የሚሸፍን ስለመሰለው ውኃ ላይም የሚሸፍን ይመስለዋል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በመንገድ ላይ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ነው፤ ጀልባው ውኃ ከነካ በኋላ የሚያደርሰው ጉዳት በሌላ ውል ካልተሸፈነ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል።

ውል ሲፈረምም ጀልባዋን ለምን እንደምንጠቀምባት በትክክል መናገር የግድ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ መድን የሚገባ ሰው የሚያውቀውን ሁኔታ በትክክል እንዲገልጽ ያስገድዳል። አንድ ወዳጄ ጀልባውን «ለግል መዝናኛ» ብሎ መድን ገብቶ፣ በበዓል ሰሞን በነፍስ ወከፍ እያስከፈለ እንግዳ ያመላልስ ነበር። ጀልባዋ ከቆመች ሌላ ጀልባ ጋር ተጋጭታ ጎኗ ሲሰነጠቅ፣ መድን ሰጪው የተሳፋሪዎቹን ቃል ተቀብሎ ካሳውን ከለከለ። ወዳጄ ለዓመታት የከፈለው ዓረቦን ምንም አልጠቀመውም። ለኪራይ ሥራ ጭማሪ ዓረቦን ይጠየቅ ነበር፤ ጭማሪው ከጉዳቱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። በዓመቱ መካከል ሞተር የቀየረ ወይም ነጂ የቀጠረ ሰውም በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት።

ዓረቦን ለመቆጠብ የጀልባዋን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብም እንዲሁ ያስከፍላል። 600,000 ብር የምታወጣ ጀልባ በ300,000 ብር ብትመዘገብና የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት፣ ባለቤቱ 100,000 ብር የሚጠብቅ ቢሆንም የሚያገኘው 50,000 ብር ነው፤ ግማሹን ዋጋ ራሱ እንደተሸከመ ይቆጠራልና። ከዚህም ላይ በፖሊሲው፣ ማለትም በመድን ውሉ፣ ባለቤቱ ከጉዳቱ ራሱ እንዲሸከመው የተጻፈው ድርሻ ይቀነሳል።

ከመፈረም በፊት አራት ጥያቄዎችን አንሥቶ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይበጃል፦ ተሳፋሪዎች ተሸፍነዋል ወይ? ከእኔ ሌላ ማን ቢነዳ ውሉ ይጸናል? ሥልጠና መውሰዴ ዓረቦኑን ይቀንሳል ወይ? የሦስተኛ ወገን ሽፋኑ የዓሣ አስጋሪን መረብ ይጨምራል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ የመጣልኝ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ነው። የሽማግሌው መረብ የቤታቸው ገቢ ነበር፤ ውሌን ገልጬ ስመለከት የሚሸፍነው ከሌላ ጀልባ ጋር መጋጨትን ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት መረቡን ከኪሴ ተካሁ። በሚቀጥለው ዕድሳት መረብና የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ በስም እንዲገባ አስጽፌያለሁ።

አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ሞተሩን በዚያው ሰዓት ነቅሎ ወደ ሜካኒክ መውሰድ ነው። ሰዎቹ ዳር ከወጡና የተጎዳ ሰው ከታከመ በኋላ ጀልባዋ ሳትነካ ከአራቱም ጎን ፎቶ ትነሣ፤ የነበሩ ሰዎች ስምና ስልክ ይያዝ፤ ለፖሊስ ይመዝገብ፤ ለመድን ሰጪውም ፖሊሲው በወሰነው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ይገለጽ። ሻይ ሻጯ እኅት ጋ ያለው ደብተር እዚህም ያስፈልጋል፤ የመነሻው ሰዓትና የተሳፋሪዎቹ ቁጥር የተጻፈበትን ገጽ ገልብጦ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይገባል።