በጌም ኦፍ ላይፍ አዲስ ቅርጽ ፍለጋ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጌም ኦፍ ላይፍ (ባጭሩ ላይፍ) በሴል በተከፋፈለ ሰሌዳ ላይ የሚሄድ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱ ሴል በየእርምጃው፣ ማለትም በየትውልዱ፣ እንደ ሕያው ጎረቤቶቹ ብዛት ይወለዳል፣ ይተርፋል ወይም ይሞታል።

ጠባብ ሰሌዳ። ጀማሪ «ሃያ ሺህ ትውልድ ሄዶ ያልረጋ ቅርጽ አገኘሁ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሰሌዳው ስፋት ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ «100 በ100» ነው፤ ወሬውም እዚያው ያበቃል። በቤት የሚጻፉ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የሰሌዳውን ቀኝ ጠርዝ ከግራው፣ ላዩን ከታቹ ያገናኛሉ። ግላይደር የተባለው ተንቀሳቃሽ ቅርጽ በየ4 ትውልዱ አንድ ሴል በሰያፍ ስለሚራመድ፣ እንዲህ ባለ ሰሌዳ ላይ በ400 ትውልድ ዞሮ ከተነሣበት ይደርሳል። በመንገዱ ብሎክ (የማይለወጥ የአራት ሴል ካሬ) ወይም ብሊንከር (በየ2 ትውልዱ የሚመላለስ የሦስት ሴል መስመር) ካገኘ ይመታዋል፣ ሁከቱ እንደ አዲስ ይነሣል፣ ሌላ ግላይደር ይወጣል፣ እሱም ዞሮ ይመጣል። ጠርዙ ሁልጊዜ የሞተ ሴል እንዲሆን ቢደረግም መፍትሔ አይሆንም፤ ግላይደሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ብሎክ ሆኖ ይቀራል፣ ቆጠራውም ይበላሻል።

ሰሌዳው ይበቃ እንደሆነ መፈተኛው አር-ፔንቶሚኖ የተባለው ቅርጽ ነው፦ ሦስት ሴል ቁልቁል፣ ከላይኛው በስተቀኝ አንድ፣ ከመካከለኛው በስተግራ አንድ። በ1103ኛው ትውልድ ይረጋል። ያኔ በትክክል 116 ሕያው ሴል መኖር አለበት፦ 8 ብሎክ፣ 4 ቢሃይቭ፣ 4 ብሊንከር፣ አንድ ቦት፣ አንድ ሎፍ፣ አንድ ሺፕ፣ እና እየራቁ የሚሄዱ 6 ግላይደሮች። የመጀመሪያው ግላይደር የሚለቀቀው በ69ኛው ትውልድ ነው፤ እስከ 1103 ድረስ ወደ 260 ሴል ይርቃል። ስለዚህ ለእነዚህ አምስት ሴሎች ብቻ 700 በ700 የሚሆን ሰሌዳ ያስፈልጋል፣ ቅርጹም መሃል ላይ ይቀመጥ። ቁጥሩ 116 ካልመጣ ሌላ ፍለጋ አይጀመር። ጎሊ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ወሰን የሌለው ሰሌዳ ስላለው ይህን ሁሉ ጣጣ ያስቀራል።

ሴሎችን እዚያው በቦታቸው ማደስ። አዲሱ ትውልድ በአሮጌው ላይ እየተጻፈ ከሄደ ቀጣዩ ሴል የሚቆጥረው ግማሽ የተለወጠ ጎረቤት ነው። ሁለት ሰንጠረዥ ይኑር፣ ከአንዱ ይነበብ፣ በሌላው ይጻፍ። ሴሉ ራሱን ከስምንቱ ጎረቤቶች ጋር እንዳይቆጥርም ይታይ።

ሕጉን ገልብጦ ማንበብ። ዛሬ የሚጻፈው ቢ3/ኤስ23 ነው፤ መወለድ ይቀድማል (ሦስት ሕያው ጎረቤት ያለው የሞተ ሴል ይወለዳል፣ ሁለት ወይም ሦስት ያለው ሕያው ሴል ይተርፋል)። በቆዩ ጽሑፎች ግን ያው ሕግ 23/3 ተብሎ፣ መትረፍ ቀድሞ ይገኛል። ሌላው ችግር ፋይሉ ላይ የሕጉን መስመር መርሳት ነው፤ ያን ጊዜ ፕሮግራሙ ላይፍ ነው ብሎ ይከፍተዋል። ሃይላይፍ በተባለው ሌላ ሕግ (ቢ36/ኤስ23) ራሱን የሚያባዛው ቅርጽ በዚህ መንገድ ላይፍ ውስጥ ከገባ አይባዛም፤ ባለቤቱም ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ይደክማል።

የሴሎች ብዛት ስላልተለወጠ ረግቷል ማለት። ለአሥር ትውልድ አንድ ዓይነት ቁጥር ማየት ምንም አያረጋግጥም። በተቃራኒውም ፍጹም የረጋ ሰሌዳ ላይ ቁጥሩ ሊወዛወዝ ይችላል፤ ፑልሳር የተባለው ቅርጽ ብቻውን 48፣ 56፣ 72 እያለ በየ3 ትውልዱ ይመላለሳል። ብሊንከር የ2፣ ፔንታዴካትሎን የተባለው ቅርጽ የ15 ትውልድ ዑደት አላቸው፤ ስለዚህ የአሁኑን ቁጥር ከ30 ትውልድ በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር ይሻላል። ዑደቱ 8 የሆነው ፊገር ኤይት የተባለ ቅርጽም ሊኖር ስለሚችል 120 ቢሆን ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ያም ሆኖ የቀሩት ግላይደሮች ሁሉ ወደ ውጭ እየሄዱ መሆናቸውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ወደ ውስጥ የሚመለስ አንድ ግላይደር ካለ ገና አላለቀም።

ሃሽላይፍን ለሁሉም ማዘዝ። ይህ የጎሊ ማስኬጃ ስልት የታየውን እያስታወሰ የሚዘል ስለሆነ ለግላይደር መድፍ (ግላይደር እየደጋገመ ለሚለቅ ቅርጽ) እና በእጅ ለተገነባ ግዙፍ ቅርጽ ተወዳዳሪ የለውም። በዘፈቀደ ለተሞላ ሰሌዳ ግን የሚደጋገም ነገር ስለማያገኝ ማስታወሻውን ሞልቶ ይንቀረፈፋል፤ እዚያ ክዊክላይፍ የተባለው ሌላው የጎሊ ስልት ይሻላል። በተጨማሪ እርምጃው 8 ትውልድ ከሆነ ብሊንከር የቆመ ይመስላል። ዑደት የሚለካው በአንድ በአንድ እርምጃ ብቻ ነው።

ዑደት ማባዛት። ፑልሳር አጠገብ ብሊንከር ማስቀመጥ ዑደቱ 6 የሆነ ኦሲሌተር (እየተለወጠ ወደ መነሻው የሚመለስ ቅርጽ) አያደርገውም። ቢያንስ አንድ ሴል ራሱ በ6 ትውልድ የሚመላለስ መሆን አለበት። ኦሲሌተር ያልተገኘላቸው የመጨረሻዎቹ ዑደቶች፣ 19 እና 41፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ስለተገኘላቸው፣ አሁን ዜና የሚሆነው ከሚታወቀው ያነሰ ወይም በአሠራሩ የተለየ ኦሲሌተር ነው።

ተመጣጣኝ ሆኖ (ለምሳሌ ግማሹ የሌላው ግማሽ ነጸብራቅ ሆኖ) የተሞላ 16 በ16 ሰሌዳ ያወጣውን ከተራ ዘፈቀደ ሰሌዳ ጋር በአንድ አትቁጠሩ፤ ተመጣጣኙ ብርቅዬውን ነገር ያበዛዋል።

ፎቶ ብቻ ማስቀመጥም አለ። ከስክሪን የተነሣ ምስል ላይ ማንም ደግሞ ሊያስኬደው አይችልም። የሚያስፈልጉት ሦስት ናቸው፦ የመነሻው ቅርጽ በአርኤልኢ (ቅርጹን በጽሑፍ በሚይዝ) ፋይል፣ ሕጉ፣ እና ነገሩ የታየበት የትውልድ ቁጥር። ከዚያ በፊት የተገኙ ቅርጾች የሚመዘገቡበት ካታጎሉ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ይፈለግ፤ ካታጎሉ ከተራ ዘፈቀደ ሰሌዳዎች የወጡ ቅርጾችን በብዛት መዝግቧል፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚገኝ ነገር ከዚያ የማይገኝበት ጊዜ ጥቂት ነው።