መሃል አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ሲከራዩ፦ ከቀብድ በፊት የሚታይ፣ ከውል በፊት የሚጠየቅ

ልደታ፣ ባልደራስ ወይም ሰንጋ ተራ ቤት ፍለጋ ሲወጡ መጀመሪያ ከደላላው ጋር ይነጋገሩ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና የሚከፈለው ውል ከተፈረመ በኋላ ብቻ መሆኑ ካልተቆረጠ፣ ያሳየውም፣ የደወለውም፣ በር ላይ የቆመውም ድርሻ ይጠይቃል።

ቤቱ ሲከፈትልዎ ቀለሙን ትተው ውሃውን ይዩ። የወጥ ቤቱንና የሻወሩን ቧንቧ አንድ ላይ ከፍተው ሽንት ቤቱን ይልቀቁ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ግፊቱ ብዙ ጊዜ የሚሞተው እዚህ ነው። ፈረቃውን ጎረቤት ይጠይቁ፤ አከራይማ «ውሃ አይጠፋም» ማለቱ አይቀርም። ሮቶ ካለ መጠኑን ይዩ፦ አራት ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ 500 ሊትር የሚያቆየው ሁለት ቀን ተኩል ነው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ከሆነ ቀሪውን ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ነው። ሮቶው የጋራ ከሆነ ደግሞ ፓምፑ በማን ቆጣሪ እንደሚሠራ ይወቁ።

መብራቱስ? ቆጣሪው የብቻ ይሁን። ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ታሪፍ ስለሚያድግ፣ ሁለት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡን እኩል ቢካፈሉም ለየብቻ ከሚከፍሉት ሊበልጥ ይችላል። እንጀራ የሚጋግሩ ከሆነ የምጣዱን ሶኬት ጠጋ ብለው ይዩት። 3,500 ዋት ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ለተራ ሶኬት ይህ የአቅሙ ጫፍ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ከጠቆረ ወይም ፕላስቲኩ ከቀለጠ ሲግል ኖሯል ማለት ነው። ለምጣዱ ከብሬከሩ የራሱ መስመር እንዲዘረጋ ሳይገቡ ይስማሙ፤ ከገቡ በኋላ ወጪው የእርስዎ ይሆናል።

ቀጥሎ ሰነድ። ካርታው ላይ ያለው ስም ከአከራዩ መታወቂያ ጋር ይመሳከር። ወኪል ከሆነ ውክልናው ማከራየትንና ኪራይ መቀበልን በግልጽ ይጥቀስ። የባንክ ዕዳው ያላለቀ ቤት ካርታ ላይኖረው ስለሚችል የሽያጭ ውሉን ይጠይቁ። «ሌላ ሰው ሊወስደው ነው» ቢባሉም ይህን ሳያዩ ቀብድ አይስጡ። አካባቢው ለኮሪደር ልማት ወይም ለመልሶ ማልማት ታስቦ እንደሆነም ወረዳው ዘንድ ጎራ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የስድስት ወር አምጣ የሚል ካጋጠመዎ ሕጉን ይጥቀሱለት። ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው፤ ሲያስተላልፉ ምክንያቱ ላይ «የኪራይ» ብለው ወሩን ይጻፉ።

ብዙ ተከራይ የሚጎዳው ግን ውሉ ላይ በሚጻፈው ዋጋ ነው። አከራዩ ለግብሩ ሲል 20,000 የሚከፈልበትን ቤት 8,000 ብሎ መጻፍ ይፈልጋል። ነገ ጠብ ቢነሳ ማስረጃዎ 8,000 የሚል ወረቀት ነው፤ የሁለት ወር ቅድሚያ የከፈሉትም በዚያው ልክ ይታሰባል። ይህን እሺ ከማለት ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

ቁልፍ የሚረከቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንስተው ለአከራዩ ይላኩ፣ ያደረ የውሃ ሂሳብና ያልተከፈለ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ ካለ ያዘጉ፣ የበሩን ሲሊንደር ይቀይሩ።