የስኳር ድንች ሐረግን ለከብት መኖ ሲያቆዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከጥቅምት በኋላ በጣና ዙሪያ ያለው የግጦሽ መሬት እየደረቀ ሲሄድ፣ በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በደራና በፎገራ ያሉ ከብቶች ክረምቱ እስኪገባ ድረስ በአመዛኙ የሚኖሩት በገለባ ነው። የሩዝም ሆነ የጤፍ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ የፕሮቲን መጠኑ ከደረቅ ክብደቱ 5 በመቶ እምብዛም አያልፍም፤ የስኳር ድንች ሐረግ ግን እንደ ዝርያውና እንደ ዕድሜው ከ12 እስከ 20 በመቶ ፕሮቲን አለው። ስኳር ድንች በብዛት የሚመረተው በወላይታ፣ በሲዳማና በሐረርጌ ቢሆንም፣ በሐይቁ ዳርቻ በጓሮው ወይም በመስኖ ማሳው የሚተክል ገበሬም ሐረጉን ለበጋ ሊያቆየው ይችላል። ሐረጉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአያያዝ ጉድለት ሲሆን፣ ከጉድለቶቹም የሚበዙት ሐረጉን እንደ ሣር ከመቁጠር የሚመጡ ናቸው።

ድርቆሽ መሥራት የለመደ እጅ ሐረጉንም አጭዶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ቅጠሉ ቶሎ ደርቆ ሲፈረፍር አገዳው ገና እርጥብ ነው፤ በሚሰበሰብበት ጊዜም ፕሮቲኑ በብዛት ያለበት ቅጠል መሬት ላይ ይቀርና ወደ ክምሩ የሚገባው አገዳው ብቻ ይሆናል፣ እርሱም ውስጥ ለውስጥ ግሎ ይሻግታል። ጥቂት ሐረግ ላለው ሰው አስቀድሞ ከትፎ፣ ጥላ ሥር በሸራ ላይ ሳስቶ እንዲደርቅ ማድረግ ይበቃዋል። ብዛት ላለው ግን የሚሻለው ገፈራ፣ በተለምዶ ሳይሌጅ የሚባለው፣ ማለትም አየር በሌለበት ታሽጎ እንዲብላላ የሚደረግ መኖ ነው።

በገፈራ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ሐረጉን እንደታጨደ ወዲያውኑ ማሸግ ነው። በ100 ኪሎ እርጥብ ሐረግ ውስጥ ውሃው ወደ 85 ኪሎ ገደማ ስለሆነ፣ እንዲህ የታሸገ መኖ ውሃው ከነንጥረ ነገሩ ወደ ታች ይንጠባጠባል፣ ቀሪውም ይገማል። ስለዚህ ሐረጉ ክብደቱ በግማሽ እስኪቀንስ ድረስ ሊጠወልግ ይገባዋል፤ ይህም በደረቅ ወቅት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዳል። ሚዛን የሌለው ሰው የተከተፈውን በእፍኙ ጨብጦ ይመልከት፦ በጣቶቹ መካከል ውሃ ከወረደ ገና ነው፣ እጁን ሲከፍት ወዲያው ከተበተነ ከመጠን በላይ ደርቋል፣ ቅርጹን ይዞ ቀስ እያለ ከተፍታታ ደርሷል።

ሐረጉ መሬት ለመሬት የሚሳብ ተክል በመሆኑ አፈር ይዞ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከአፈር ጋር የሚገቡት ተሕዋስያን ግን መኖው በጤናማ ሁኔታ እንዳይጎመዝዝ አድርገው ያበሰብሱታል። ሐረጉን ሳይጎትቱ ከመሬት ጥቂት ከፍ አድርጎ ማጨድና አራግፎ በላስቲክ ላይ ማጠውለግ ይበቃል። ማጠብ ግን አይመከርም፣ ውሃን እንደገና መጨመር ነውና።

ጣፋጭ ነገር ሳይጨምሩ ማሸግም የተለመደ ነው። ፕሮቲን የበዛበት መኖ በራሱ ቶሎ አይጎመዝዝም፤ ለ100 ኪሎ ሐረግ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ፣ በጥቂት ውሃ በጥብጦ መርጨት፣ ሞላሰስ ከታጣም የበቆሎ ዱቄት ወይም ፍሩሽካ መነስነስ መብላላቱን ያፋጥነዋል።

አየርን በተመለከተ ጠላ የሚጠምቁ እናቶቻችን ለአርቢው አስተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የጋኑን አፍ በምርጊት የሚደፍኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረጉ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ተከትፎ፣ በስሱ እየተነጠፈና እያንዳንዱ ንጣፍ በሚገባ እየተረገጠ ካልተሞላ፣ በውስጡ የቀረው አየር ሻጋታ ያበቅላል። የማዳበሪያ ከረጢትን ውስጡን ላስቲክ ሳያለብሱ መጠቀም በወንፊት ውሃ እንደመቅዳት ነው። አይጥ የበሳውንም ቀዳዳ በዕለቱ መለጠፍ ያስፈልጋል። በሐይቁ ዳር ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ በመሆኑ፣ በተለይም የጣና ውሃ ከፍ በሚልበት በመስከረም አካባቢ፣ ጉድጓድ ከሥሩ ውሃ ሊያመነጭ ይችላል። በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ መቆፈር ትርፉ ድካም ነውና ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ የሚቀመጥ ከረጢት ይመረጣል።

የሚቀጥለው ስህተት ከብት ይገድላል። ሐረጉን ሲሰበስቡ የሻገተ ወይም በነቀዝ የተበላ ድንች አብሮ ከገባ፣ በበሽታ የተጠቃ ስኳር ድንች በውስጡ የሚፈጥረው መርዝ የከብትን ሳንባ ይጎዳል፤ ከብቱ አንገቱን ዘርግቶ በጭንቅ ይተነፍሳል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሊሞት ይችላል፤ ፈዋሽ የሆነ መድኃኒትም የለውም። መርዙ ወደ ጤናማው ክፍል ስለሚዘልቅ የበሰበሰውን ቆርጦ ቀሪውን መስጠት አያድንም፣ መብላላቱ ያጠፋዋል ብሎ መተማመንም አይገባም።

ገፈራውን ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላው መክፈት አይመከርም። ከተከፈተ በኋላ አየር አግኝቶ እንዳይበላሽ በየቀኑ ከላዩ እየተወሰደ ቶሎ ሊያልቅ ይገባል፤ ሁለት ላሞች እያንዳንዳቸው በቀን 10 ኪሎ ቢመገቡ፣ በሚገባ ተረግጦ ወደ 500 ኪሎ የሚይዝ የ1 ሜትር ኩብ ጉድጓድ 25 ቀን ያህል ተከፍቶ ይቆያል ማለት ነው። ለእንዲህ ያለ አርቢ 40 ኪሎ የሚይዝ ከረጢት በሁለት ቀን ስለሚያልቅ ከጉድጓዱ ይሻለዋል። አመጋገቡ ከ2 ኪሎ ተጀምሮ በሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ይጨመራል፣ ገለባም ከጎኑ አይታጣ። ሽታው ወተት ውስጥ እንዳይገባ ጥገቷን ላም ከታለበች በኋላ መመገብ ይገባል፤ ገና ማመስኳት ላልጀመረ ጥጃ ግን አይሰጥም።

በመጨረሻ፣ መኖ አገኘሁ ብሎ ማሳውን በየጊዜው የሚያጭድ ሰው ድንቹ እንዳይወፍር ያደርጋል፤ ዋናው አጨዳ ድንቹ ሊቆፈር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቢሆን ሁለቱም ይገኛሉ። ያኔም ቢሆን ሐረጉን ሁሉ ለከብት ማዋል አይገባም፣ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተከለው ያው ሐረግ ነውና። የባኞ ቤት ወይም የእቃ ማጠቢያ ውሃ በሚፈስበት የጓሮ ጥግ ጥቂት መደብ ተክሎ፣ ከብት እንዳይደርስበት አጥሮ እስከ ሰኔ ማቆየት ያስፈልጋል።