ያረጀ ዶዘር አልታጠፍ ሲል፦ የመሪ ፍሪሲዮንን ብልሽት ሳይፈቱ መለየት

በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የድንጋይ ካባዎችና በሐረር መንገድ ሥራዎች ላይ ያረጀ ባለሰንሰለት ዶዘር ሲያስቸግር፣ ኦፕሬተሩ ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ፍርድ አንድ ነው፤ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ይላል። መሪ ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ኃይል ወደ አንዱ ወገን ሰንሰለት የሚያስተላልፍና ሲፈለግ የሚቆርጥ ክፍል ነው። ይህ አነጋገር ግን ሁለት ተቃራኒ ብልሽቶችን በአንድ ስም ይጠራል። አንደኛው ፍሪሲዮኑ አልለቅም ሲል፣ ሁለተኛው ደግሞ አልይዝም ብሎ ሲንሸራተት ነው። በብዙዎቹ የቆዩ ማሽኖች ላይ ወደ መሪ ፍሪሲዮኑ ለመድረስ ወንበሩንና የናፍጣ ታንከሩን ማውረድ ስለሚያስፈልግ፣ ብልሽቱን ሳይለዩ መፍታት የሳምንት ሥራን በከንቱ ሊያስቀር ይችላል።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚመጣው ኃይል ኮሮናና ፒኞን በሚባሉ ሁለት ተነካካሽ ማርሾች በኩል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈላል፤ በመካከሉ እንደ መኪና ዲፈረንሻል የሚያቻችል ነገር የለም። በየወገኑ ብዙ ዲስኮች የተደረደሩበት አንድ ፍሪሲዮን አለ፤ በውጭ ከበሮው ላይ የፍሬኑ ቀበቶ ተጠምጥሟል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ፋይናል ድራይቩ (የመጨረሻው የማርሽ ክፍል) እና ሰንሰለቱን የሚጎትተው ባለጥርስ ጎማ፣ ስፕሮኬት፣ ይገኛሉ። የቀኙን እጀታ ስንስብ የቀኙ ፍሪሲዮን ይለቅቃል፤ ኃይል የሚያገኘው ግራው ሰንሰለት ብቻ ስለሚሆን ማሽኑ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጠበብ አድርጎ ለመታጠፍ የዚያኑ ወገን ፍሬን ይረግጣሉ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዲስኮቹ በደረቁ ለሚሠሩባቸው አሮጌ ማሽኖች ነው፤ በዘይት ውስጥ በሚሠሩት ላይ ምርመራው ከዘይት መጠን፣ ከማጣሪያና ከግፊት ልኬት ይጀምራል።

ከሁሉ በፊት ብልሽት ያልሆነውን ነገር ማስወጣት ይገባል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር በ1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ በመካከላቸው ባለው የደንገጎ ዳገት ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ጠባይ አዘውትሮ ያየዋል፦ ማሽኑ ቁልቁል ሲወርድ የቀኙ እጀታ ቢሳብ፣ ከሞተሩ መያዣ ነፃ የሆነው የቀኝ ሰንሰለት በክብደቱ ይፈጥንና ማሽኑ ወደ ግራ ይዞራል። አዲስ ኦፕሬተር ይህን አይቶ እጀታዎቹ በስሕተት ተገላብጠው ተገጥመዋል ሊል ይችላል፤ ነገር ግን የፍሪሲዮኑ ተፈጥሮ ነውና የሚበላሽም የሚጠገንም ነገር የለም። ስለዚህ ምርመራው ሁሉ በሜዳ ላይ፣ ብሌዱ (አፈር የሚገፋው የፊት ሰሌዳ) ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በአቅራቢያው ሰው ሳይኖር ይደረግ።

ቀጥሎ የእጀታው ጨዋታ ይታያል። እጀታው ዲስኮቹን መጫን እስኪጀምር ድረስ በባዶ የሚጓዘው ርቀት ከበዛ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ መልቀቂያው ኩሽኔታ ዘወትር እየተጫነ ፍሪሲዮኑን በከፊል እንደለቀቀ ያቆየዋል፣ ይንሸራተታል፣ ሸራውም (የዲስኮቹ መያዣ ልባስ) ይነድዳል። ልኩ በየሞዴሉ ስለሚለያይ ከማሽኑ መመሪያ መወሰድ አለበት። በእኔ ግምት «አለቀ» ከተባሉት ፍሪሲዮኖች ጥቂት የማይባሉት በዚህ ደረጃ ላይ ሥራቸውን ሊቀጥሉ ይችሉ ነበር፤ ዳዶ ከመዞር ይልቅ ዕቃ ማዘዝ የሚቀናው ሰው ግን ይበዛል።

ጨዋታው ከተስተካከለ በኋላ ዋናው ፈተና ይደረጋል። ማሽኑን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን በመካከለኛ ፍጥነት እያስኬዱ የአንዱን ወገን እጀታ እስከ መጨረሻው ስበው የዚያኑ ወገን ፍሬን ለአጭር ጊዜ ይርገጡ። ሰንሰለቱ ቆሞ ሞተሩ ካልተጨነቀ ፍሪሲዮኑ በደንብ ለቋል፤ ሞተሩ ድምፁን አውርዶ ሊጠፋ ከደረሰ ግን ዲስኮቹ ተጣብቀዋል። ከዚያ እጀታውን ሳይስቡ ያንኑ ፍሬን በአጭሩ ይርገጡ። አሁን ሞተሩ መጨነቅ አለበት፤ ሰንሰለቱ ቆሞ ሞተሩ እንደ ልቡ ቢዞር ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። በሁለቱም ጊዜ ሰንሰለቱ ካልቆመና ሞተሩም ካልተጨነቀ የላላው ፍሬኑ ነው፤ ቀበቶው ተጠብቆ ፈተናው እንደገና ይደረጋል። ብሌዱ ከባድ ጭነት ሲገፋ ሁለቱም ሰንሰለቶች አብረው ቆመው ሞተሩ ብቻ የሚዞር ከሆነ ግን ጥርጣሬው ከሞተሩ በስተኋላ ወዳለው ዋና ፍሪሲዮን ይሄዳል።

የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ሲገኝ ወደ ቁልፍ ሳጥኑ ከመሄድ በፊት ከማሽኑ ሥር ገብቶ የፍሪሲዮን ቤቱን የማፍሰሻ ብሎን ማውጣት ያዋጣል። ለዚህ ብሌዱ መሬት ላይ ያርፍ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ሰንሰለቱ በድንጋይ ይታገድ። ከቀዳዳው ወፍራም የማርሽ ዘይት ከወረደ ሸራዎቹ ዘይት ጠጥተዋል ማለት ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄ ዘይቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። የኮሮናና ፒኞኑን ቤትና የፋይናል ድራይቩን ዘይት በትክክል ሞልተው፣ ጥቂት ቀን አሠርተው የትኛው እንደቀነሰ ይለኩ፤ ያሳለፈው የቀነሰው ወገን «ኦይል ሲል» (የዘይት ማገጃ ቀለበት) ነው። ይህን ሳያደርጉ አዲስ ሸራ የገጠመ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ያንኑ ሥራ ይደግመዋል። ቀዳዳው ደረቅ ከሆነና ጨዋታውም ልክ ከሆነ፣ የሸራ ማለቅ ወይም የሞላ መድከም ይቀራል።

ዘይት የጠጣው ጥቂት ከሆነና ፍሳሹ ከተዘጋ ማጠብ ይቻላል፦ ብሎኑን መልሰው ነጭ ጋዝ ይጨምሩ፣ እጀታውን ስበው ማሽኑን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ያፍስሱትና እስኪደርቅ ክፍት ይተዉት። ቤንዚን በምንም ምክንያት አይሁን፤ በድሬዳዋ ቀትር ሙቀት በተዘጋ ቤት ውስጥ የቤንዚን ትነት እሳት መጥራት ነው።

ከቀዳዳው ውኃ ከወጣ ወይም ብሎኑ ላይ የዛገ ጭቃ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይህ የማይለቅቅ ፍሪሲዮን ምልክት ነው። በድሬዳዋ መካከል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ሆኖ ያታልላል፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የወረደው ጎርፍ ግን ለከተማዋ የማይረሳ ነው። በወንዙ ውስጥ የሚሠራ ማሽን ወደ ውኃ ከመግባቱ በፊት የማፍሰሻ ብሎኑ ይጠበቅ፣ ሲወጣ ይከፈት፣ ማታም ከወንዙ ወጥቶ ይደር። የተጣበቁትን ዲስኮች ለማላቀቅ ማሽኑን በደንብ አሙቀው፣ እጀታውን በገመድ ወደኋላ አስረው፣ በዝቅተኛ ማርሽ እየሄዱ የዚያን ወገን ፍሬን ደጋግመው በአጭሩ ይርገጡ። ከጥቂት ሙከራ በኋላ ካልላቀቀ መኪና እንደመግፋት በጉልበት አይቀጥሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ጫና ወደ ማርሾቹ ይሄዳል፣ የእነርሱ ጥርስ ደግሞ ከዲስክ ይወደዳል።

ማሽኑ ያለ ጭነት ወደ አንድ ወገን የሚስብ ብቻ ከሆነና ከላይ ያሉትን ፈተናዎች ሁሉ ካለፈ፣ የሁለቱን ሰንሰለቶች መወጠር ያመሳስሉ፣ የሚጎትት ፍሬን እንደሌለ ከበሮዎቹን በእጅ ሳይነኩ በሙቀታቸው ያረጋግጡ፤ ፍሪሲዮኑን ግን አይክፈቱት።